መቶ አርባ ሰባተኛው ጥያቄ

መስከረም አንድ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በወንዞች አስተዳደር ሰማንያ አራት ሺህ ሠራተኞች አንገትጌ ላይ የተሰካው አዝራር ሁሉ የሚያውቀውን ይረሳል። የባለቤቱን ስም፣ የሚከፍተውን በር፣ ዓመቱን ሙሉ የለመደውን ድምፅ ይረሳል። ቀኑ የተመረጠው ለበዓሉ ክብር አይደለም፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሆነ የሥራ ሰዓት አይባክንም ተብሎ ነው። በደብዳቤ ላይ «ዓመታዊ ዳግም ተከላ» ይባላል። ሠራተኛው ግን «እጥበት» ነው የሚለው፣ ልጆች በጳጉሜ ዝናብ ሲታጠቡ ስለሚያይ መሰለኝ።

እጥበቱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ አዝራሩ በር ስለማይከፍት ቤተሰቡ ጠዋት ተነስቶ የቤቱን በር እንዳይዘጋ በድንጋይ ይደግፋል። ሠራተኛው ለአርባ ደቂቃ ማንም የማያዘው ሰው ይሆናል፤ አንዳንዱ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ስለሚገባው ከአልጋው አይወርድም። ከዚያ አዝራሩ ይነቃል። ለመደቡ የተፈቀደው ፕሮግራም ሁሉ በራሱ ጊዜ ተጭኖበታል፦ ለሾፌሩ የመንገዱ፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋ የሒሳቡ፣ ለግድብ ተቆጣጣሪው የውሃው። ሠራተኛው ምንም አልነካም፣ ምንም አልተጠየቀም።

ይህን የማስደርገው እኔ ነኝ። ኤልዳና እባላለሁ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው። አዳማ በሚገኘው ዋናው መሥሪያ ቤት የተከላ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ክፍሉም እኔው ራሴ ነኝ።

አንድ አዝራር ከባዶ ሲነሳ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። በየትኛው ቋንቋ ልናገር? ስንት ሰዓት ላይ ልቀስቅስ? ድምፄን ምን ያህል ከፍ ላድርግ? ሰማንያ አራት ሺህ ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ ይመልስ ቢባል መስከረም ሥራ ሳይጀመርበት ያልቃል። ስለዚህ «የመልስ ወረቀት» የሚባል ነገር አለ። ወረቀት አይደለም፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። መልሶቹን አስቀድሜ እዚያ ላይ እጽፋለሁ፤ አዝራሩ ሊጠይቅ ሲል መልሱን ያገኘውና ዝም ብሎ ያልፋል። ሰውን ከጥያቄ ማዳን ነው ሥራዬ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራው ኮርቼበት እንጂ አፍሬበት አላውቅም ነበር።

መቶ አርባ ሰባተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛው ሲናገር ቢዘገይ ስንት ሰከንድ ልጠብቅ?» መልሱ ሦስት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ጓደኞቼ በር ላይ ቆመው «ነይ እንጂ» እያሉ ሲያቻኩሉኝ። አንድ ያንሳል፣ አምስት ይበዛል ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሳውም፤ ከዓመት ዓመት ከነወረቀቱ ይገለበጣል።

ነሐሴ 2080 ላይ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ እውነተኛ ወረቀት፣ ማህተም ያለበት። የጻፉት አቶ ያብስራ ወንድምነህ የሚባሉ ከአዳማ በታች አዋሽ ላይ ያለውን ሰባተኛውን የውሃ በር የሚቆጣጠሩ ሰው ናቸው። «ጉዳዩ፦ አዝራሬ እንዲጠብቀኝ ስለመጠየቅ» ይላል።

ከልጅነታቸው ጀምሮ መንተባተብ አለባቸው። ቃሉ ጉሮሯቸው ላይ ይቆምና እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። አዝራሩ ወራት አብሯቸው ሲቆይ ይለምዳቸዋል፣ ቀስ በቀስ መጠበቅ ይጀምራል። መስከረም ሲጠባ ግን ታጥቦ ይመጣና በሦስተኛው ሰከንድ ይቆርጣቸዋል፤ «ምላሽ የለም» ብሎም ይመዘግባል። ሠላሳ «ምላሽ የለም» የሞላበት መደብ ሰው እንደሌለበት ተቆጥሮ ክፍት ነው ተብሎ ይለጠፋል። በዚያ ዓመት ሃያ ሰባት ደርሰው ነበር። «ጥቂት ቢጠብቀኝ ሌላ ችግር የለብኝም» ብለው ነው የጨረሱት።

አንጀቴን በሉኝ። ግን በመልስ ወረቀቱ ላይ ያለው መልስ ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ በመደብ የሚለያየው የሚጫነው ፕሮግራም ብቻ ነው። ሦስትን ለሳቸው ብቻ መለወጥ አይቻልም። ለሁሉም ለመለወጥ ደግሞ ኮሚቴ ያስፈልጋል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ኮሚቴ አያስፈልግም ነበር፤ ወረቀቱ በእጄ ነው። ሃያ ዓመት በሰላም የኖረ ነገር ነካክቼ ለምን ልጠየቅ ብዬ ነው እንጂ።

ከዚያ አንድ ዘዴ መጣልኝ። በስልክ አቤቱታ የሚቀበሉ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት «ጨራሽ» የሚባል ፕሮግራም አለን። ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር፣ በራሱ በሰውየው ድምፅ፣ ጨርሶ ይናገርለታል። አብዛኛው ሰው በዚያ ቦታ የሚለውን ያውቃል፣ እሱን ይላል። አንድ ሰው ብቻ ያለበት አዲስ መደብ ከፈትኩ፣ «ተቆጣጣሪ፣ ልዩ» አልኩት፣ ጨራሽን ጫንኩበት። ማታ ለባሌ ስነግረው «ጽድቅ ነው የሠራሽው» አለኝ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሌላ ደብዳቤ መጣ። «ላደረጉልኝ ትብብር ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል፣ ከነፊርማው።

ዓመቱ ሲጋመስ ከአዋሽ በሮች ሁሉ ሪፖርቱ ፈጣን የሆነው ሰባተኛው በር ሆነ። ይህን ያየው አለቃዬ ነው። አለቃዬ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የድሮ ስም እንደገና ፋሽን በሆነበት ጊዜ ስለተወለደ ስሙ ሸዋንግዛው ነው። ደስ ሲለው «እትዬ» ይለኛል፣ ሲከፋው «ወይዘሮ»።

«እትዬ ኤልዳና» አለኝ ሐምሌ ላይ፣ «ይህን የመሰለ ነገር ይዘው ዝም ይላሉ?»

ከሳምንት በኋላ ቁጥርና ቀን ያለው ትእዛዝ ወጣ፦ ጨራሽ ከመስከረም አንድ ቀን 2082 ዓ.ም. ጀምሮ ለሰማንያ አራት ሺውም ሠራተኛ እንዲጫን። ሰው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ የሚባክነው ጊዜ ተሰልቶ ተያይዟል። ለእኔ የምስክር ወረቀት ይዘጋጅልኛል ተባለ። የመልስ ወረቀቱና የፕሮግራሙ ዝርዝር የሚቆለፈው ጳጉሜ አራት ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ማንም አይነካውም።

በዚያው በጳጉሜ አራት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቢሮዬ ተንኳኳ። በዝናብ የበሰበሱ ቀጭን ሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከአንገትጌያቸው ደስ የሚል ድምፅ ወጣ። «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ኤልዳና። ያብስራ ነኝ፣ ከሰባተኛ በር። ላደረጉልኝ ሁሉ በአካል ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት።»

«ጋሽ ያብስራ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ነው አፋቸውን ያየሁት። ገና «እ» ለማለት ተከፍቶ፣ አዝራሩ እስኪጨርስ ድረስ እንደተከፈተ ቆየ። አዝራሩ ሲጨርስ ዘጉት።

አልተቀመጡም። አዝራሩን ከአንገትጌያቸው ነቀሉ፣ በመሐረብ ጠቀለሉት፣ ኮፍያቸው ውስጥ ከተው ኮፍያውን ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጡት። ተመልሰው በሩን ዘጉ። ከዚያ ተቀመጡ።

«እ…» አሉ።

ጠበቅኩ። የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር።

«ውሃው ሞላ እንዴ?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ወዘወዙ።

«ሪፖርት ተሳስቶ ሄደ?»

አይደለም።

«የጡረታ ነገር ነው?»

አሁንም ወዘወዙ። አልተቆጡም፤ ይህን ዕድሜ ልካቸውን የለመዱ ሰው ናቸው። እኔ ግን ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባኝ። አዝራሩን አውጥተው ውጭ ያስቀመጡት ለዚህ ነበር፣ እኔ ደግሞ ቦታውን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። አፌን በእጄ ሸፈንኩ፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን።

«ሚ…» ብለው ቆሙ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፣ ከዚያ ማየቱ ነውር መሰለኝና ፊቴን መለስኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አርባ ሰከንድ ይሆናል፣ ከዚያም ይበልጣል።

«ሚስቴ» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን እዚህ ሳጽፈው አጭር ነው፤ ሲነገር ግን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደፈጀ ይታወቅልኝ። ሚስታቸው ፌቨን ትባላለች። ከተጋቡ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። እሳቸው መናገር ሲጀምሩ ፌቨን የያዘችውን ታስቀምጣለች፣ ትቀመጣለች፣ አፋቸውን እያየች ትጠብቃለች። አንድም ቀን ቃላቸውን ጨርሳባቸው አታውቅም። እናታቸው እንኳ ይጨርሱባቸው ነበር። «ለ… ለዚህ ነው ያገባኋት» አሉኝ፣ ትንሽ አፈር ብለው።

ክረምት ከበጋ አዝራሩን ማውለቅ አይፈቀድላቸውም፤ ቤታቸው ከውሃው በር አጠገብ ነው፣ ውሃ በማንኛውም ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ጨራሽ ቤት ውስጥም ይናገራል። በመጀመሪያው ሳምንት ፌቨን ግራ ገብቷት ነበር። ከዚያ እልል አለች። አዝራሩ ባሏ በልቡ ያሰበውን የሚያወጣላት መስሏታል፤ እየገመተ መሆኑን አታውቅም። «አሁን ገና የልብህን ሰማሁ» ትላቸዋለች።

«የኔ አ… አይደለም እኮ» አሉኝ። «ደክሞኛል ይላታል። ራት ምን አለ ይላታል። ጥሩ ነው ይላታል። ሰው ሁሉ ለሚስቱ የ… የሚለውን ነው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ዓመቱን ሙሉ ከሌላ ሰው ባል ጋር ስታወራ ከረመች።»

«አሁን አፌን አታየውም» አሉ። ይህኛው ሳይዛቸው ነው የወጣው። «ጀርባዋን ሰጥታ ሥራዋን ትሠራለች። ስለሚሰማት… አታይም።»

«ለምን አይነግሯትም?»

«ደ… ደስ ብሏታል።»

«ታዲያ እኔን ለምን አመሰገኑኝ? ደብዳቤዎ መሳቢያዬ ውስጥ አለ እኮ።»

ፈገግ አሉ። መልሱ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ እኔም በዚህ ጊዜ መጠበቅ ትንሽ ለምጄ ነበር። «ደግ አስበው ነው ያ… ያደረጉት» አሉ። «ለደግ ሰው እንዴት አልፈልግም ይባላል?»

እንግዲህ የእኔ ደግነትና የሳቸው ይሉኝታ ተገናኝተው አንዲትን ሴት ባሏን ዓመት ሙሉ አሳጧት። የባሰውንም መንገር ነበረብኝ። ጨራሽ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ለሁሉም እንደሚቆለፍ፣ ለሰማንያ አራት ሺህ ሰው፣ ነገርኳቸው።

«ለ… ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

አልለመኑኝም። ለምነውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ተነሱ፣ በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፣ ወጥተው አዝራራቸውን አንገትጌያቸው ላይ ሰኩት። አዝራሩ ከኮሪደሩ ላይ ረጅምና ያማረ የስንብት ንግግር አደረገልኝ። ንግግሩ ሳያልቅ እሳቸው ደረጃውን መውረድ ጀምረው ነበር።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ጨራሽን ከዝርዝሩ ማውጣት አልችልም፤ ትእዛዙ ቁጥር አለው፣ ቢወጣ ወዲያው ይታያል። የመልስ ወረቀቱን ግን ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም። መቶ አርባ ሰባተኛውን ጥያቄ አወጣሁ። ጨራሽ የሚነሳው የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልቅ ነው። ጊዜው ከረዘመ ጨራሽ ተጭኖም ቢሆን ዝም ይላል። ሦስትን አጠፋሁና ስድሳ ልጽፍ እጄን አነሳሁ።

እጄ እዚያው ቀረ። ስድሳስ የማን ነው? ሦስትም የኔ ነበር። ያኔ ለምሳ ቸኩዬ ነበር፣ አሁን ደግሞ አዝኜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰማንያ አራት ሺህ ሰው አልጠየቅኩም።

ባዶ ተውኩት።

በተከላ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ባዶ መልስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ በመጀመሪያው ሳምንት እንድንፈራው የተማርነው እሱን ነው። አዝራሩ መካከል ላይ ይቆማል፣ ባለቤቱን ይጠይቃል፣ መልስ እስኪያገኝ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ጊዜ ገደብ የለውም። ጨራሽ ደግሞ የሚጫነው ከጥያቄዎቹ ሁሉ በኋላ ስለሆነ ለዚህች ጥያቄ ማንም ለማንም ሊመልስለት አይችልም። ለስድስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቆለፍኩት።

መስከረም አንድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በአገሪቱ ወንዞች ዳር ሁሉ አዝራሮች ቆመው ጠየቁ፦ «ሲናገሩ ቢዘገዩ ስንት ሰከንድ ልጠብቅ?»

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። እዚህ አገር ለመጠበቅ ቁጥር የሚናገር ሰው የለም። አርባ አንድ ሺህ ሰው «ትንሽ» ብሎ መለሰ። አዝራሩ «እባክዎ በቁጥር ይግለጹ» ሲል ሰዉ «ትንሽ ነዋ፣ አሁን ትንሽን በቁጥር ምን ይሉታል?» ይላል። አዝራሩ እንደገና ይጠይቃል። አንድ የመተሐራ ሾፌር «ማን ልኮህ ነው?» ብሎ ተቆጣ። አንዲት የሒሳብ ክፍል ሴት «እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አለች፤ አራት ጊዜ ነው ያለችው፣ አራተኛው ላይ ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። የእኔም አዝራር ጠየቀኝ። ጥያቄውን ቃል በቃል የማውቀው ሰው ነኝ፣ መልሱ ግን ጠፍቶኝ ባሌን ማየት ጀመርኩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ግማሹ መሥሪያ ቤት ገና አልነቃም ነበር። ሸዋንግዛው በቤት ስልክ ደወለ።

«ወይዘሮ ኤልዳና» አለ። «መቶ አርባ ሰባት ባዶ ነው። እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«መቼም ከሥራ ብዛት ረስተውት —»

«ልጨርስ» አልኩት። ገና አልጀመርኩም ነበር፣ ግን ዝም አለ። የጋሽ ያብስራን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ምስጋና ይግባውና አላቋረጠኝም። ስጨርስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚደርሰኝ፣ ግልባጩም ለሦስት ክፍሎች እንደሚሄድ ነገረኝ። ይገባኛል አልኩት። ስልኩን ሳይዘጋ ቆየ።

«የኔም ጠይቆኛል» አለ።

«ምን አሉት?»

«ትንሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ ጥያቄው ላይ የተጣበቁትን አዝራሮች መዝገብ፣ በተከላ ጊዜ የሰሙትን ድምፅ የያዘውን፣ አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። የሰባተኛው በር ከተጣበቁት ውስጥ አልነበረም። «መልስ ተሰጥቷል» ይላል፤ መልሱ የወሰደው ጊዜ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። የምከፍትበት የሥራ ምክንያት አልነበረኝም። ከፈትኩት።

አዝራሩ ሲጠይቅ ይሰማል። ከበስተኋላ ሳህን ይታጠባል። «እ…» ይላሉ ጋሽ ያብስራ። ሳህኑ መታጠቡን ቀጠለ። ቃሉ አልመጣም፣ ሌላ ድምፅም አልመጣላቸውም። ዝምታው ሲረዝም ውሃው ተዘጋ። ኮቴ ተሰማ፣ ወንበር ተሳበ፣ ሰው ተቀመጠ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የሳቸው ትንፋሽ ብቻ።

«መ… መቶ» አሉ።

«መቶ ሰከንድ፣ ተመዝግቧል» አለ አዝራሩ።

የሴት ድምፅ ከቅርብ መጣ። «ያብስራ» አለች። «ዓመቱን ሙሉ ሲያወራኝ የከረመው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሊመልሱ ጀመሩ። ያዛቸው።

«አትቸኩል» አለቻቸው። «የምሄድበት የለኝም። ንገረኝ።»

ድምፃቸው መውጣት ሲጀምር መዝገቡን ዘጋሁት። የቀረው የእሷ ነው።